ኤሬራ የሚሉት ስም

ሰሞኑን ከቤቴ ጎን ፎቅ ይሠራሉ። ጠዋት ጠዋት የጭነት መኪና እየመጣ ረጃጅም ብረት ያራግፋል። ብረቱ መሬት ሲነካ አንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል። ፎርማኑ «ፌሮውን ወዲህ በሉት» ይላል። ሠራተኞቹም «ፌሮ፣ ፌሮ» እየተባባሉ ይቀባበላሉ። እኔ በሬ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ቃሉን ከእነሱ በፊት አውቀዋለሁ። ያስተማረኝ ሰው በስሙ ውስጥ ይዞት ነበር የሚዞረው።

ስለ ጥሊያን ጊዜ ይንገሩኝ ብለህ ስትጠይቀኝ ጦርነቱን ፈልገህ ይሆናል። ጦርነቱን ሌሎች ይነግሩሃል። እኔ የቀረልኝ ስሙ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ጋፋት ነበር። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ዶማ ይሠራሉ። በዚያ ዙሪያ ማረሻውን ወደ እሳቸው የማያመጣ ገበሬ አልነበረም፤ ማረሻውን ተቀብሎ ሲሄድ ግን ከቤታችን ውሃ የሚጠጣ አልነበረም። ጠይብ ይሉናል። በዓይናችን እንበላቸዋለን ብለው ይፈሩናል። እኔ በመንገድ ሳልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ይህን የምነግርህ ለማማረር አይደለም። ዝናብ ይዘንባል እንደማለት ነው፤ እንዲያ ነበር።

እናቴ ሳላውቃት ስለሞተች ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርሁ። ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ አንዱን ስታነሣ ሌላውን ትጫናለህ። ቀኑን ሙሉ የቆዳውና የከሰሉ ሽታ እጄ ላይ ይውላል። የጋለው ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ ሌላ ሽታ አለው፤ ደም አፍህ ውስጥ ሲገባ እንደሚሰማህ ያለ። ከልጅነቴ ሽታ ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው እሱን ነው።

ጥሊያን ደብረ ታቦር ከገባ በኋላ መንገድ መሥራት ጀመረ። አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ የመንገዱ አለቃ የሆነ ጥሊያን በበቅሎ የተሰበረ ዶማ አስጭኖ ወደ እኛ መጣ። የሠራተኞቹ ሰፈር ወናፍ ተቀዶበት ነበር። ሰውየው አጭርና ጠቆር ያለ ነው፤ ኮፍያውን ሲያወልቅ ግንባሩ ብቻ ነጭ ነው። ከእሱ ጋር አስተርጓሚ ነበረ፤ ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ልብሱ የጸዳ፣ ክር በአንገቱ ያሰረ ክርስቲያን። አስተርጓሚው ከደጃፍ ቆመ። ሰውየው ግን ገብቶ ብረቱ ከሚቀጠቀጥበት መስፍ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አባቴ ሲሠሩ ያይ ጀመር። ቆይቶ አንድ ነገር ተናገረ።

«ስምህ ማን ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው።

አባቴ ስማቸውን ከነአባታቸው ነገሩት።

«እሱን አይደለም። ልጅ ልጅ ድረስ የሚወርደውን የቤተ ዘመድ ስም ነው የሚጠይቅህ።»

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የለም» አሉ አባቴ። ብረቱን በጉጠት አገላበጡት። «አንድ አለ እንጂ። ከቅድመ አያቴ ጀምሮ ቀጥቃጭ ይሉናል። እሱ ይወርዳል።»

አስተርጓሚው ሊተረጉመው አፈረ። ሰውየው ምን አለ፣ ምን አለ እያለ ሲወተውተው ነገረው። ሰውየው ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኤሬራ» አለ። ከዚያ ብዙ ተናገረ።

«ስሜ ያው ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ብረት የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው ይላል። አባቶቼ ቀጥቃጮች ነበሩ ይላል።»

አባቴ መዶሻውን መሬት አስቀመጡ። «በዚህ ስም ሲጠሩት ስድብ አይሆንበትም?»

«አይሆንብኝም ይላል። ሹም ሲጠራኝም ካህን ሲባርከኝም በእሱ ነው ይላል።»

አባቴ ሰውየውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ንፊ፣ እሳቱ እየሞተ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው መመላለስ አበዛ። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ወናፍ ተጠግኖ እንኳ ዶማውን ወደ እኛ ያመጣል። አማርኛ ከቀን ሠራተኛው እየለቀመ ለመደ። መጀመሪያ ሁሉን ሰው አንተ ይል ነበር፤ አስተርጓሚው ትልቅ ሰው አንቱ እንደሚባል ሲነግረው ለሁሉ አንቱ አለ፤ ለአባቴም፣ ለእኔም፣ ለበቅሎዪቱም። አባቴ ሲስቁ ያየሁት በዚያ ነው።

የስሙን ነገር በአንድ ቀን አልተናገረውም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ትንሽ ትንሽ ያወራል። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ይላል፣ እስፓኝ በምትባል አገር (ዛሬ ስፔን ነው የምትሏት) ካስቲሊያ የሚሉት ደጋ አለ። በዚያ ደጋ ከተራራው ድንጋይ እያወጡ ብረት የሚያቀልጡባቸው መንደሮች ነበሩ። ሥራው ለመንደሩ ስም ሆነ፤ ፌሬራ ተባለ፣ የብረት ቦታ ማለት ነው። ከመንደሩ የወጣ ሰው ሌላ አገር ሄዶ ከወዴት ነህ ሲሉት የመንደሩን ስም ይናገራል፤ በዚያው ይጠሩታል። ልጁንም በዚያው። የልጅ ልጁ መንደሩን ሳያየው ስሙን ይዞ ይሞታል።

«የእናንተ መንደር የትኛው ነው?» አሉ አባቴ።

«አናውቅም» አለ። «እንዲህ የሚባሉ ብዙ ናቸው። አንዱ ነው።»

«ጋፋትም እኮ መድፍ የተሠራባት ናት» አሉ አባቴ። «በእሷ ግን ማንም አይጠራም።»

ሌላ ቀን ደግሞ ስሙ እንዴት ባሕር እንደተሻገረ ነገረን። የሰውየው አገር ሰርዴኛ የምትባል ደሴት ናት፤ ከዋናው የጥሊያን አገር ተነጥላ ውሃ ላይ ያለች። የእስፓኝ ንጉሥ ጦር ልኮ ደሴቲቱን ያዛት። ከጦሩ ጋር አንድ የፈረስ ብረት ጫማ የሚሠራ ኤሬራ መጣ። ንጉሡ ይመለስ ቢለውም አልተመለሰም፤ ከደሴቲቱ ሴት ጋር ኖረ፣ ወለደ። ብዙ ዘመን ቆይቶ የንጉሡ ሰዎች ለቀው ወጡ። ስሙ ቀረ።

እኔ ለሰውየው ቃል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ወናፉን አቆምሁና «ሴትዮዋ ማን ትባል ነበር?» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። አሰበ። «አይታወቅም» አለ። «ማንም አልያዘውም።»

ያየኝ ያን ቀን ይመስለኛል።

ከፍልሰታ በኋላ እኔን እንዲሰጡት አባቴን ጠየቃቸው። ከአስተርጓሚው ጋር ደጅ ቆመው ሲያወሩ አይቻለሁ፤ የተባባሉትን አልሰማሁም። አባቴ ገብተው እጃቸውን በጭድ ሲፈትጉ ቆዩ። «አይመታሽም» አሉ። «ቢመታሽ ተመለሺ።» እኔ ምን እንደምል የጠየቀኝ አልነበረም። የአገሬው ልጅ ጠይብ አያገባም። ከጠይቡም ለእኔ የሚሆን በዚያ ዘመን የቀረ አልነበረም፤ ወንዶቹ ወይ በረሃ ናቸው ወይ ሞተዋል። በበቅሎዪቱ ተቀምጬ ደብረ ታቦር ወጣሁ። ንፋስ ነበር። ዓይኔን አቧራ ስለገባበት አነባሁ፤ ሰዎች ያለቀስሁ መሰላቸው።

ቤቱ ከጥሊያን ሰፈር በታች ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ቀን ይግላል፣ ማታ ይቀዘቅዛል። ወደዱት ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ የምነግርህ ይህን ነው። አልመታኝም። እግሩን ራሱ ይታጠባል። ሳሙና ያመጣልኛል፤ የሎሚ ሽታ ያለው። አንዳንድ ጠዋት በእብናት በኩል፣ ከተራራው ማዶ፣ ወፍራም ጭስ ይነሣል። ጭሱ የማረሻ እሳት አለመሆኑን ሁላችን እናውቃለን። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያይና ገብቶ በሩን ይዘጋል። ክፉ ሰው አልነበረም። የክፉዎች ወገን ነበር። እኔ ልብሱን አጥባለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ አሰጣለሁ፣ እሰበስባለሁ። ቀኑ ያልቃል።

ስሙን በትክክል እንድጠራው ይፈልግ ነበር። ፊደል ስለማልቆጥር በእጄ አስተማረኝ። መዳፌን ከአፌ ፊት እንዳደርግ አደረገና «ፌሬራ በይ» አለኝ። ትንፋሼ መዳፌን መታው። «ይህ ጥንት ነው» አለ። «አሁን ሄሬራ በይ።» ትንፋሼ ሞቀኝ እንጂ መዳፌን አልመታውም። «ይህ ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ኤሬራ በይ።» መዳፌ ላይ ምንም አልደረሰም። «እኛ ጋ ሲደርስ እንዲህ ሆነ» አለ። «የሄ ፊደል ግን አሁንም ይጻፋል። ከፊት ይቆማል፤ ማንም አያነበውም።»

ነጭ ከአገሬው ሴት ጋር እንዳይኖር የሚል ሕግ ወጥቶ ነበር። ካራቢኜሪ የሚሉት የጥሊያን ፖሊስ እየመጣ ቤት ለቤት ያያል። ሰውየው የምለውን አስጠናኝ። «ማን ነሽ?» ሲሉኝ «አጣቢ ነኝ» እላለሁ። እጄን ያያሉ፤ የወናፍ እጅ ስለሆነ ያምናሉ። ሆዴ ሲገፋ ግን የሚያምን ጠፋ።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ቀይ ነው፤ ጸጉሩ እንደ እኔ፣ ጆሮው እንደ እሱ። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ጫማውን ቀባ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ልጁን በስሜ ላስጽፍ ብሎ ወደ ሹሞቹ ሄደ። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ተመለሰ። ኮፍያውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ምን አሉዎት?» አልሁት።

«ሳቁ» አለ። ጫማውን እየፈታ ደግሞ «ስሙ ከእኔ አይሻገርም አሉ» አለ። «ጥቁር ይህን ስም አይይዝም አሉ።»

የትከሻው የማዕረግ ምልክት ተነቅሎ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል። በማግስቱ ራቅ ወዳለው የመንገድ ሥራ ላኩት፤ ወደ ቤት የሚመጣው በስንት ጊዜ አንዴ ሆነ። እኔ ክሩን ቆርጬ የልብሱን ትከሻ ሰፋሁለት።

ልጁ በአርባ ቀኑ መጠመቅ አለበት፤ የክርስትና አባት ያስፈልገዋል። አባቴ ማረሻ የሠሩላቸው ገበሬዎች ዘንድ ዞሩ። አንዱ ልጄ ታሟል አለ። አንዱ መንገድ እሄዳለሁ አለ። አንዱ እውነቱን ተናገረ፤ የጠይብና የጥሊያን ልጅ አንሥቼ ከሰው ጋር እንዴት እውላለሁ አለ። አባቴ አልተቀየሙም። ሲመሽ ተመለሱ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ልጁን ተቀብለው እጃቸው ላይ አስተኙት።

አስተርጓሚው የመጣው ሳንጠራው ነው። ከደጃፍ አልቆመም፤ ገባ። «አባባ፣ እርስዎ ከፈቀዱ ክርስትናውን እኔ አነሣዋለሁ» አለ። አባቴን አንቱ ሲል ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በጥምቀቱ ቀን ሰውየው ከሩቁ ሥራ ተደብቆ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ግን አልገባም፤ ቅጥሩ ውጭ፣ ጥዱ ሥር፣ ኮፍያውን ይዞ ቆመ። እኔ ከሴቶቹ በር ሆኜ አየዋለሁ። ውስጥ ቄሱ ልጁን ተቀብለው «አባቱ ማን ይባላል?» ሲሉ ሰማሁ። ልጁ ብቻ ያለቅሳል። አስተርጓሚው ወደ አባቴ አየ። ቄሱ ጉዳዩን ያውቃሉ፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም መጠየቅ ነበረባቸው።

«በእኔ ይጠራ» አሉ አባቴ።

ቄሱ «ይሁን» አሉ። ቀጠሉ።

ስንወጣ ሰውየው ወደ አስተርጓሚው ቀርቦ ማን ተባለ አለው። አስተርጓሚው ልጁ በአያቱ፣ በቀጥቃጩ፣ እንደተጠራ ነገረው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ያው ነው» አለ በአማርኛ። «ብረት ነው።» የልጁን እግር በመሐረቡ ሸፈነና ከጥዱ ሥር እንደቆመ ቀረ። እኛ ቁልቁለቱን ወረድን።

ዛሬም በዚያ ቅጥር በኩል ሳልፍ ጥዱን አየዋለሁ። ግማሹን መብረቅ መትቶታል።

ደብረ ታቦር በተከበበች ጊዜ ልጁ መቆም ጀምሮ ነበር። ከተራራው መድፍ ይተኮሳል፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ልጁ ይስቃል። ክረምት ገባ። አንድ ቀን ተኩሱ ቆመ፤ ጥሊያን እጁን ሰጠ ተባለ። ሴቶች ሁሉ ወደ ሰፈሩ ወጡ፤ አንዷ ልታይ፣ አንዷ ልትሳደብ፣ እንደ እኔ ያለችውም ዝም ብላ። ዝናቡ ደቃቅ ነው። እስረኞቹ ጭቃ ላይ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም አንድ ሰው መስለዋል። ልጁን በአንቀልባ አዝዬ ከድንጋይ ካቡ ጎን ቆምሁ።

አንድ የእንግሊዝ መኮንን ስም ይጠራል። የተጠራው እጁን ያነሣል። ብዙ ስም ተጠራ። ከዚያ «ሄሬራ» አለ። ማንም አያነበውም የተባለውን ፊደል እንግሊዙ አነበበው። ከሰልፉ ወደ መጨረሻው አንድ እጅ ተነሣ። ጢሙ አድጎ ፊቱን ሸፍኖት ስለነበር ያወቅሁት በእጁ ነው። እጁን ያነሣው አለሁ ለማለት ነው፤ ያየንም አይመስለኝም። ልጁ ግን ከጀርባዬ እጁን አውጥቶ አነሣለት። ወታደሮቹ ሰልፉን ገፉት። እየራቁ ሲሄዱ የጫማቸው ድምፅ ከጭቃው እየተነቀለ ይሰማል። ከዚያ ዝናቡ ብቻ።

ሰውየው ይሙት ይኑር አላውቅም። ደሴቱ ይግባ፣ ሌላ አገር ይቅር አላውቅም። ወሬ የሚያመጣልኝም አልነበረም። አስተርጓሚውም አገሩ ሲሄድ ልጁን ስሞ ሄደ፤ አልተመለሰም።

አባቴ በሦስተኛው ቀን በቅሎ ተውሰው መጡ። በመንገዱ ላይ አንዲት ሴት የጥሊያን ውሽማ ብላ ተፋችብኝ። አባቴ ቆሙ፣ ፊቴን በኩታቸው ጠረጉ፣ «ነይ እንሂድ» አሉኝ። ሌላ ነገር ስለዚያ ዘመን ተናግረውኝ አያውቁም።

ልጁ እንደ እኔ ከወናፉ ጎን አደገ። እኔ እነፋለሁ፣ እሱ የወደቀውን ከሰል ይለቅማል። አባቴ በሰው ፊት በክርስትና ስሙ ይጠሩታል። ደጁ ባዶ ሲሆን ግን፣ ብረቱ ግሎ መስፉ ላይ ሲያርፍ፣ «ና ኤሬራ፣ ምታ» ይሉታል። ልጁ ትንሿን መዶሻ በሁለት እጁ ይዞ ይመታል፤ ብረቱ ምንም አይሆንም። አባቴ «ጥሩ መታህ ኤሬራ» ይላሉ። አንድ ቀን ማረሻውን ሊወስድ የመጣ ገበሬ ሰማና «ምን ብለህ ጠራኸው?» አላቸው። አባቴ ቀና ሳይሉ «የብረት ስም ነው» አሉት። ከመደበኛው ስሙ ይልቅ ልጁ ለዚህኛው ቶሎ ይሮጥ ነበር።

ኩፍኝ በገባ ዓመት ታመመ። በየቤቱ ልጅ ይታመማል። እናቶች ልጆቻቸውን ከእኔ መሸፈን ተዉ፤ የሚሸፍኑት አልቀረላቸውም። ልጄ ሳምንት አልቆየም። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በግድግዳው ስንጥቅ ገብታ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ሳለች፣ ጉልበቴ ላይ አረፈ። እኔ የማስበው እሳቱ ላይ የጣድሁት ሽሮ እንዳያርር ነበር። አባቴን ጠርቼ «ሽሮውን አውርዱት» አልኋቸው። አወረዱት። ከዚያ ልጁን አዩት።

ቀብሩ በጥዱ በኩል ነው የሆነው። ሴቶች ትወድቃለች ብለው ክንዴን ግራና ቀኝ ያዙኝ። አልወድቅም ነበር። ቄሱ ስሙን ሲጠሩ በክርስትና ስሙ ጠሩት፤ የቄስ ደንብ ነው። ለቅሶ የደረሱት ከደጅ ተቀምጠው ያመጡትን ቆሎ ቆርጥመው ሄዱ። ሲጨልም ከአባቴ ጋር ሁለታችን ቀረን።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ተነሥተው ከሰሉን አያያዙ። የእርሻ ወራት ደርሶ ነበር፤ የገበሬው ማረሻ በግድግዳው ተደርድሮ ይጠብቃል። እኔም ሄጄ ወናፉን ያዝሁ። አንዱን ሳነሣ ሌላውን እጫናለሁ። አባቴ ይመታሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ይመታሉ። ፀሐይ ከራሳችን በላይ ስትሆን መዶሻውን አስቀመጡና ወደ እንስራው ሄዱ። በቅል ውሃ ቀዱ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠጡት እሳቸው ነበሩ፤ የቤቱ ደንብ ነው። ያን ቀን ግን ቅሉን ይዘው መጥተው ከፊቴ በርከክ አሉ፣ እጄ ጥላሸት ስለሆነ ቅሉን አልሰጡኝም፤ ራሳቸው ይዘው እስክጠግብ አጠጡኝ።